ገር የሚመስለው ዳገት፦ ኪሊማንጃሮን ከጓደኞች ጋር መውጣት

ኪሊማንጃሮ በሰሜን ምሥራቅ ታንዛኒያ፣ ከኬንያ ድንበር አጠገብ፣ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሜዳ ላይ ብቻውን የተነሳ፣ ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ 5,895 ሜትር የሚደርስ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ከአፍሪካ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ተራራ ያለ ገመድና ያለ አለት መውጣት ሥልጠና በእግር ብቻ ሊወጣ የሚችል በመሆኑ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች ይጎርፉበታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የሥራ ባልደረቦች፣ አብሮ አደጎች ወይም የትምህርት ቤት ጓደኞች ሆነው በቡድን የሚመጡ ናቸው። የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር አንድ ነው፦ ተራራውን ለእግር ገር ያደረገው የእሳተ ገሞራው አሠራር ራሱ ለሳንባና ለአንጎል አደገኛ ያደርገዋል፤ ይህን አደጋ በጊዜ የሚለየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው ሳይሆን ከጎኑ የሚራመደው ሰው ነው።

እሳተ ገሞራ ማለት ከምድር ቅርፊት በታች የቀለጠ አለት በውስጡ ካመቀው ጋዝ ጋር ስንጥቅ አግኝቶ ወደ ላይ የሚወጣበት ስፍራ ሲሆን፣ ቅልጡ አለት ከመሬት በታች ሳለ ማግማ፣ ወጥቶ ሲፈስ ደግሞ ላቫ ይባላል። የኪሊማንጃሮ ግንባታ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የተጀመረ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ መከፈት ጋር የተያያዘ ክስተት ሲሆን፣ ዛሬ አንድ ተራራ መስሎ የሚታየው በተለያየ ዘመን ጎን ለጎን የተነሱ ሦስት እሳተ ገሞራዎች ተደራርበው የሠሩት ነው። ከሁሉ የሚያረጀው ሺራ ፈርሶና ተሸርሽሮ በተራራው ምዕራባዊ ትከሻ ላይ አምባ ሆኖ ቀርቷል፤ በምሥራቅ ያለው ማዌንዚ ጎኖቹ በበረዶና በዝናብ ተበልተው የውስጥ አጽሙ ብቻ የቀረ፣ 5,149 ሜትር ላይ የሚያበቃ ሹል አለት ነው። በመካከላቸው ያለው ኪቦ ግን ከሦስቱ ወጣቱ ስለሆነ ቅርጹን እንደጠበቀ ይገኛል፤ ከሜዳው ሲያዩት ምጣድ ላይ የተከደነ አክንባሎ ይመስላል። ኪቦ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው ከ150,000 እስከ 200,000 ዓመታት በፊት እንደሆነ ይገመታል፤ ሆኖም በጫፉ ላይ ሮይሽ በተባለው የገሞራ አፍ ውስጥ ዛሬም ድኝ ድኝ የሚል እንፋሎት ስለሚተን ሊቃውንት የሞተ ሳይሆን ያንቀላፋ እሳተ ገሞራ ይሉታል።

የእንዲህ ያለ ተራራ ዳገት የሚወሰነው በላቫው ፈሳሽነት ነው። ሲሊካ የተባለው የአለት ንጥረ ነገር በላቫው ውስጥ ሲያንስ ላቫው ቀጭን ሆኖ ብዙ ርቀት ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝም ሰፊና ለዘብ ያለ ተዳፋት ይሠራል፤ ሲሊካው ሲበዛ ግን ላቫው እየወፈረ በአፉ አጠገብ ይከማችና ቁልቁለቱን ያቆመዋል። ኪሊማንጃሮ ሁለቱንም ያጣመረ ነው፤ የታችኛው ሰፊ ትከሻው ረጅም ርቀት በፈሰሰ ላቫ የተነጠፈ ሲሆን፣ ወደ ጫፍ ሲቀርብ ወፍራም ላቫ፣ አመድና ፍርስራሽ በንብርብር ተቆልለው ዳገቱን ያከብዱታል። መንገደኛው ይህን በዓይኑ ሊያየው ይችላል፤ በኪቦ ጎን ከሚገኙት ጥቁር ድንጋዮች አንዱን ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው በጨለማው መደብ ላይ ነጣ ያሉ፣ ጎናቸው እንደ ተሳለ አልማዝ ቅርጽ ያላቸው ፍልጥፍል ቅንጣቶች ተሰግስገው ያገኛል። እነዚህ ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ቅንጣቶች ናቸው፤ ማግማው ከመሬት በታች ቀስ እያለ ሲበርድ አስቀድመው የረጉና በኋላ ከቀሪው ቅልጥ ጋር ተጭነው የወጡ በመሆናቸው፣ ማግማው ከመፈንዳቱ በፊት ከመሬት በታች ለብዙ ዘመን መቆየቱን በግልጽ ይናገራሉ።

የስሜን ተራሮችን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለዚህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ስሜን ራሱ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ደርቦ ደራርቦ የሠራው ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ በዘመን ብዛት ተቆርጦና ተሸንትሮ ገደልና አምባ ሆኗል። በሁለቱ ተራሮች ላይ የሚበቅሉትም ዕፅዋት ዘመዳሞች ናቸው፤ የኪሊማንጃሮ መንገደኛ ከቡናና ከሙዝ እርሻ ተነስቶ ጥቅጥቅ ያለውን ደን ሲያቋርጥ ኮሶን፣ ከደኑ ሲወጣ የአስታን ወገኖች፣ ከዚያም በላይ የጅብራን ዘመድ ያገኛል። ከጅብራው ጎን የሚቆመው፣ የደረቀ ቅጠሉን በግንዱ ዙሪያ እንደ ካባ ደርቦ ከሌሊት ውርጭ የሚጠለለው ግዙፉ ሴኔሲዮ ግን የደቡቦቹ ተራሮች ሀብት ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ዕፅዋት እየሳሱ ይሄዱና ከአቧራና ከድንጋይ በቀር የማይታይበት የተራራ በረሃ ይከተላል።

የኪሊማንጃሮን አደጋ ለመረዳት የአየርን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በባሕር ዳርቻም ሆነ በተራራ ጫፍ ከአየሩ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘው ድርሻ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚለወጠው አየሩን የሚያጨቀው ግፊት ነው። ከላይ የሚጫነው የአየር ዓምድ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚያንስ በኪቦ ጫፍ ላይ ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ የሚተነፍስ ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሰውነት ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ ቶሎ ቶሎና ጠለቅ አድርጎ መተንፈስ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ መተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከደም ጠርጎ ያወጣል፤ የደሙ የአሲድ መጠን ሲወርድ ደግሞ አንጎል ትንፋሹን ይገታል፤ ኩላሊቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ባይካርቦኔት የተባለውን ጨው በሽንት አስወግደው ደሙን እስኪያስተካክሉ ድረስ ሰውነት በሁለት ትእዛዝ መካከል ይዋልላል። በከፍታ ላይ ያለ ጤነኛ ሰው ሽንቱ የሚበዛው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐኪሞች ለተራራ መንገደኞች የሚያዙት አሴታዞላሚድ የተባለው መድኃኒትም የሚሠራው ይህንኑ የኩላሊት ሥራ በማፋጠን ነው። ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑት ቀይ የደም ሕዋሳት እስኪበዙ ግን ሳምንታት ስለሚጠይቅ በአንድ የጉዞ ሳምንት ውስጥ ብዙ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም።

ተራራ መውጣትን ያጠኑ ሐኪሞች በዚህ ላይ ተመሥርተው የሚሰጡት ምክር ግልጽ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ስፍራን በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ። ገደል የበዛበት ተራራ ይህን ምክር መንገደኛው ወድዶም ሆነ ተገድዶ እንዲጠብቀው ያደርገዋል፣ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ መሬት በቀን ብዙ ከፍታ መጨመር አይቻልም። የኪሊማንጃሮ ለዘብ ያለ ተዳፋት ግን አይከለክልም። ማራንጉ የተባለውና ከሁሉ የቆየው መንገድ ማረፊያ ቤቶቹ በ2,700፣ በ3,720 እና በ4,700 ሜትር ገደማ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ከአንዱ ቤት ወደሚቀጥለው ያለው ልዩነት 1,000 ሜትር ያህል ማለትም ከሚመከረው እጥፍ ሲሆን፣ ጤነኛ እግር ግን ቀኑ ሳይመሽ ያደርሳል። ተጨማሪ የዕረፍት ቀን በመተው ገንዘብና ጊዜ የሚቆጥብ ቡድን ራሱን እየጎዳ ነው፤ ተራራው ላይ ለሚቆዩበት ለእያንዳንዱ ቀን የፓርኩ ክፍያ ከባድ በመሆኑ ይህ ፈተና ብዙዎችን ያሸንፋል።

ከዚህ የተሻለው መላ ሰውነት በቀን ከፍ ብሎ እንዲሠራና ሌሊት ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ የሚያደርገው አካሄድ ነው፤ ለዚህም የማቻሜና የሌሞሾ መንገዶች ተራራው ራሱ ያዘጋጀላቸውን ቅርጽ ይጠቀማሉ። በእነዚህ መንገዶች ቡድኑ እስከ 4,600 ሜትር ገደማ ወጥቶ የላቫ ግንብ በሚባለው አለት ሥር ምሳውን ይበላል፤ ይህ ግንብ በአንድ የጎን ስንጥቅ ውስጥ ረግቶ የቀረ ላቫ ሲሆን፣ ዙሪያው ያለው ለስላሳ መሬት ተሸርሽሮ ሲሄድ ብቻውን ቆሞ የቀረ ነው። ከሰዓት በኋላ ቡድኑ 600 ሜትር ያህል ወርዶ በባራንኮ ሸለቆ ያድራል። ሸለቆው የተፈጠረው ከ100,000 ዓመታት ገደማ በፊት የኪቦ ጠርዝ ክፍል ተንዶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርድ ነው፤ የዛሬው መንገደኛ ሌሊቱን በደህና የሚተኛበት ዝቅታ የዚያ ታላቅ ናዳ ስጦታ ነው።

አንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ሰዎች ከተራራው ሥር ሲሰበሰቡ ተመሳሳይ አካል ይዘው አይመጡም፤ ይህም በኢትዮጵያውያን ዘንድ በተለይ ጎልቶ የሚታይ ነገር ነው። የሰው ልጅ ከከፍታ ጋር ስለሚላመድበት መንገድ ባደረገችው ምርምር የምትታወቀው ሲንቲያ ቢል ከሥራ አጋሮቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት፣ በስሜን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች በደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን፣ በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው እንደማይለይ አሳይታለች፤ በደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ግን በተመሳሳይ ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል። ይህ ውርስ ግን ለተራራ ጉዞ ዋስትና ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ በትውልድ የዳበረ መላመድና በቅርብ ጊዜ ኑሮ የሚገኝ መላመድ የተለያዩ ናቸውና። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ሲኖር የቆየ በመሆኑ ሰውነቱ አስቀድሞ በከፊል ተዘጋጅቷል፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣው የልጅነት ጓደኛው ግን የዘር ሐረጉ ከደጋ ቢመዘዝም የሚነሳው ከባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲራመዱ አንዱ የሚያወራበት ዳገት ሌላውን ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል፤ የአካል ብቃትም ይህን ልዩነት አያጠፋውም። እንዲያውም ብርቱ ስፖርተኛ በፍጥነት ስለሚወጣ ቀድሞ የሚታመምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የከፍታ ሕመም በቀላሉ ሲጀምር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ባለበት ከፍታ ቢያርፍ አብዛኛውን ጊዜ ይሻለዋል። ከዚህ አልፎ ሲከፋ ሁለት መልክ ይይዛል። አንደኛው በሳንባ ውስጥ ውሃ መቋጠር ሲሆን፣ ሰውየው ተቀምጦ እያረፈ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ አክታውም እየቆየ አረፋማና ቀላ ያለ ይሆናል። ሁለተኛው የአንጎል ማበጥ ነው፤ የዚህ ሕመም ክፉ ባሕርይ የሚያጠቃው አካል ሕመሙን ሊያውቅ የሚገባው ራሱ አካል መሆኑ ነው። አንጎሉ ያበጠ ሰው ይወላገዳል፣ ጫማውን ማሰር ያቅተዋል፣ ያልሆነ ነገር ይናገራል፣ ይነጫነጫል ወይም ዝም ይላል፤ ስለ ደኅንነቱ ሲጠየቅ ግን ደህና ነኝ ይላል፣ ውሸቱንም አይደለም፣ በእርግጥ ደህና የሆነ ይመስለዋል። ስለዚህ በዚህ ከፍታ የታማሚው ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው የሚገኘው ሰውየውን ከዚያ በፊት በሚያውቀው ሰው ዘንድ ነው። አንድ ጨዋታ አዋቂ ከምሳ ጀምሮ አንዲት ቃል አለመተንፈሱን፣ ሌላው ሁልጊዜ በሥርዓት የሚያስቀምጠውን ዕቃ በትኖ መተኛቱን የሚያስተውለው አብሮት የኖረ ጓደኛ ነው፤ ከትናንት ወዲያ የተዋወቀው የተራራ መሪ ምንም ያህል ልምድ ቢኖረው ይህን ልዩነት ሊያውቅ አይችልም።

ጥርጣሬውን ለማጣራት መሣሪያ አያስፈልግም። ሰውየውን በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይዞ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገናኘ ጥቂት እርምጃ እንዲሄድ መጠየቅ ይበቃል፤ ከመስመሩ እየወጣ የሚንገዳገድ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሊወርድ ይገባዋል። ሌሊቱን በድንኳን ውስጥ የሚሰማውንም ነገር መለየት ያስፈልጋል። በከፍታ ላይ የተኛ ሰው ትንፋሽ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ድንገት ለጥቂት ሰከንዶች ጸጥ ይላል፣ ከዚያም በረጅሙ ተስቦ እንደገና ይጀምራል፤ ይህ ከላይ የተገለጸው የደም አሲድ መዋለል የሚያመጣው የተለመደ ነገር ስለሆነ አጠገቡ የተኛውን ሊያስደነግጥ አይገባም። የሚያስደነግጠው ቁጭ ባለበት የሚያለከልክ፣ ሲተነፍስም ደረቱ ውስጥ የመንቦጫረቅ ድምፅ የሚሰማበት ሰው ነው።

የጓደኞች ቡድን ከእንግዶች ቡድን የሚከፋበት አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም ይሉኝታ ነው። እንግዳ ሰው ደከመኝ ለማለት አይቸገርም፤ ጓደኛ ግን ሌሎቹን እንዳያስቀር ራስ ምታቱን ይደብቃል፣ ያልበላውን ምግብ በልቻለሁ ይላል፣ ከፊት ያለው ሲፈጥን እሱም ይፈጥናል። የታንዛኒያ መሪዎች ቀኑን ሙሉ ፖሌ ፖሌ፣ ማለትም ቀስ በቀስ፣ የሚሉት ለማጽናናት ሳይሆን ሐኪሞች የሚመክሩትን በሁለት ቃል ለመናገር ነው፤ ትክክለኛው ፍጥነት በአፍንጫ እየተነፈሱ ማውራት የሚቻልበት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሥርዓት ቀርፋፋውን ሰው ከፊት አስቀምጦ ሌሎቹ በእርሱ እርምጃ እንዲሄዱ ማድረግ ሲሆን፣ ጠዋትና ማታ ሁሉም በየተራ ራስ ምታት፣ ምግብና እንቅልፍ እንዴት እንደሆኑለት እንዲናገር አስቀድሞ ከተስማሙ ይሉኝታው ይሰበራል። ሕመምን መናገር ግዴታ ሲሆን ሽንፈት መሆኑ ይቀራል።

የዚህ ተራራ የመጀመሪያ ድል ራሱ በመመለስ የተገኘ ነው። ጀርመናዊው ሐንስ ማየር እ.ኤ.አ. በ1887 ባደረገው ሙከራ ከበረዶው ጠርዝ አልፎ መሄድ አልቻለም። በ1889 ኦስትሪያዊውን ተራራ አዋቂ ሉድቪግ ፑርትሼለርን ይዞ ሲመለስ ግን በተራራው ጎን ላይ ሰፈሮችን ተክሎ ትኩስ ምግብ ከማራንጉ በሸካሚዎች እየመጣለት የሚቆይበትን ዘዴ ዘረጋ፤ ከፓንጋኒ የመጣው ሙዊኒ አማኒ በ4,300 ሜትር ገደማ ላይ በነበረው ሰፈር በብርዱ ውስጥ እየቆየ ምግብ ያዘጋጅ ነበር። ሁለቱ አውሮፓውያን መስከረም መጨረሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን፣ በረዶውን ደረጃ እየጠረቡ እስከ ገሞራው አፍ ጠርዝ ደረሱ፤ ጫፉ በዓይን እየታያቸው ጉልበታቸው ስላለቀና ሊመሽባቸው ስለሆነ ተመለሱ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ወጥተው ኦክቶበር 6 ቀን ጫፉን ረገጡ። በታሪክ መጽሐፍ ስማቸው ጎልቶ የሚጻፈው ሁለቱ ናቸው፤ ያለ ሙዊኒ አማኒና ያለ ሸካሚዎቹ ግን ሁለተኛው ሙከራ አይታሰብም ነበር። ዛሬም ቢሆን ያለ ፈቃድ ያለው መሪ ተራራውን መውጣት ክልክል ነው፤ ለእያንዳንዱ መንገደኛም ድንኳኑን፣ ምግቡንና ውሃውን የሚያጓጉዙ ብዙ ሰዎች ይሰለፋሉ። የሸካሚ ጭነት ከ20 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ የተወሰነ ሲሆን፣ ይህ ገደብ መከበሩን፣ ሸካሚዎቹም በቂ ልብስና ምግብ ማግኘታቸውን መጠየቅ ጉዞውን የሚከፍለው ቡድን ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ በብርድ ሊሞት የሚችለው ሥራ ላይ ያለው ሰውም ነውና።

የመጨረሻው ዳገት የሚጀመረው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ከኪቦ ማረፊያ ወይም ከባራፉ ሰፈር በላይ ያለው መሬት ገሞራው የተፋው አመድና ልቅ ጠጠር በመሆኑ፣ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው እግር አንድ እርምጃ ወጥቶ ግማሹን ይንሸራተታል፤ ሌሊት ግን በውስጡ ያለው እርጥበት ስለሚረጋ ጠጠሩ ይጠብቃል። ረፋድ ላይ ከሜዳው የሚነሳው ደመናም ገና አልደረሰም። በዚያ ጨለማ ቡድኑ በግንባር መብራት ተያይዞ በዝግዛግ ሲወጣ ማንም የማንንም ፊት አያይም፤ ስለዚህ ለዓይን የተሰወረውን ድምፅ ሊተካው ይገባል፤ እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ያለውን በስሙ እየጠራ መልስ እንዲሰጠው ማድረግ ይኖርበታል። በምዕራብ በኩል ያለው ቀጥተኛ መውጫ ከዚህ ያጥራል፣ ነገር ግን ድንጋዩን አጣብቆ የያዘው በረዶ እየቀለጠ በመሄዱ ናዳ ያሰጋዋል፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2006 በዚያ በኩል የወረደ ናዳ ሦስት አሜሪካውያንን ገድሏል። የበረዶው መመንመን ለተራራው ሁሉ የሚተርፍ ሐዘን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ከነበረው በረዶ እስከ 2007 ድረስ 85 በመቶው ጠፍቷል።

የገሞራው ጠርዝ ላይ የደረሰ ሰው ገና ኡሁሩ ከተባለው ከፍተኛ ጫፍ አልደረሰም፤ በማራንጉ በኩል የወጣ ከጊልማን ነጥብ በኋላ ጠርዙን ተከትሎ 200 ሜትር ያህል ከፍታ መጨመር ይቀረዋል። የቡድን ውሳኔ ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ጫፉ ቅርብ፣ የሁሉም አእምሮ ደግሞ ኦክስጅን የተጠማ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚወርድ፣ የትኛው መሪ ከታማሚው ጋር እንደሚመለስ መወሰን ያለበት በዚያ ሰዓት ሳይሆን ከታች፣ ምሳ ተበልቶ ሁሉም በሰከነበት ጊዜ ነው። የከባድ የከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው፤ 1,000 ሜትር መውረድ ብዙውን ጊዜ ሊሞት የተቃረበን ሰው እንኳ ይመልሳል። ሲወጡ ሰውን ከሚችለው በላይ በፍጥነት ያወጣው ለዘብ ያለ ተዳፋት ሲወርዱ ደግሞ ረዳት ይሆናል፤ ሌሊቱን ሙሉ የታገሉበትን ልቅ ጠጠር ተረከዝን እየሰኩ በሰዓታት ውስጥ ይጨርሱታል፣ ራሱን መቻል ያቃተውንም ሁለት ሰዎች ደግፈው ያወርዱታል። በሜዌካ መንገድ የሚወርድ ቡድን ጠዋት 5,895 ሜትር ላይ ቆሞ ማታ በ3,100 ሜትር ገደማ፣ አስታው ከደኑ ጋር በሚገናኝበት ሰፈር ያድራል፤ በማግስቱም በጭቃማው የደን መንገድ ወርዶ 1,640 ሜትር ላይ ባለው የፓርኩ በር ሸካሚዎቹን አመስግኖና ድርሻቸውን በእጃቸው ሰጥቶ ይሰናበታል።